ላም አትጠብቅም

ዶቅዶቄዋ አሰላ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ቆማለች። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርቦባት፣ የተሰበረ አልጋ ተደግፏት፣ ጎማዋ እንደ ሊጥ መሬት ላይ ተነጥፎ። እናቴ እንቁላል ሲጎድልባት መጀመሪያ የምትዳብሰው የዶቅዶቄዋን የኋላ መጫኛ ነበር፤ ዶሮዎቿ እዚያ መጣል ለምደዋል። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ከአዲስ አበባ ስመጣ ጆንያውን ገፈፍኩና ወደ ደጅ ጎትቼ አወጣኋት። አባቴ በረንዳው ላይ ዱካው ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አለኝ።

"ላስነሳት ነው አባባ።"

መልስ አልሰጠኝም። ዱካውን አንስቶ ግን ቀረብ አለ።

ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ስሟ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት እርሻ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ናቸው፤ ከጥንስሷም የተሠራችው ለገበሬ አገር ነው። 97 ሲሲ ብቻ የሆነች ባለ ሁለት ምት ሞተር አላት። ከፊትም ከኋላም የብረት መጫኛ አላት። ሰንሰለቷ ለጭቃ የተጋለጠ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ሽፋን ውስጥ የገባ ነው። ማቆሚያ እግሯ በግራም በቀኝም ስለሆነ ተዳፋት ላይ በፈለጉት ጎን ትቆማለች። ቆንጆ ናት የሚላት ሰው ላይኖር ይችላል። እኔ ግን ክረምት ላይ በአርሲ ጥቁር ጭቃ የሄደ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚመኘው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ ላም አዳቃይ ነበር። አሰላ ለዚህ ሥራ ቀደም ብላ የተሰናዳች ከተማ ናት። ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 እዚህ ሲቋቋም፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን የአርሲን ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር የማዳቀል ሥራም ይዞ መጣ። አባቴ ሥራ የተቀጠረው ካዱ ስሙን ከለወጠ በኋላ በ1972 ዓ.ም. ነው። ዶቅዶቄዋ የተሰጠችው በ1978። ከኋላ መጫኛዋ ላይ በጎማ ቁራጭ ጠፍሮ የሚያስረው የናይትሮጅን ጋን ነበረው። የኮርማው ዘር ከቃሊቲ የሚመጣ ሲሆን ጋኑ ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣውን ነጭ ጉም ለማየት የሰፈር ልጆች ሁሉ እንሰለፍ ነበር፤ እሱ ግን ቶሎ ይከድነዋል፤ ናይትሮጅኑ በየቀኑ በራሱም ይተናል።

ይህን ሥራ ያላየ ሰው ችኮላው አይገባውም። አንዲት ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ጠዋት ምልክቱ የታየባት ያንኑ ዕለት ማታ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ካለፈች ሃያ አንድ ቀን ነው የሚጠበቀው። ሃያ አንድ ቀን ደግሞ ለገበሬው ወተት ነው፣ ጥጃ ነው፣ አንዳንዴም ለልጁ ትምህርት ቤት የተባለ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አባቴ ምሳውን ጥሎ ሲነሳ፣ በበዓል ቀን ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ ሲወጣ፣ እናቴ ስታጉረመርምበት የሚመልስላት አንዲት ቃል ነበረችው፤ "ላም አትጠብቅም።"

ትምህርት በሌለ ቀን ይዞኝ ይሄድ ነበር። ኋላው በጋኑ ስለሚያዝ እኔን ከፊቱ፣ የቤንዚን ቋቷ ላይ ያስቀምጠኛል። ወደ ሳጉሬ፣ ወደ ኢተያ፣ ቀኑ ረጅም ከሆነ እስከ በቆጂ። የገበሬው ግቢ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ ላሟን አውጥታችሁ እሰሩ ማለት ነው። እኔ ካለሁ ጡሩምባው የኔ ነበር። "አሁን" ይለኛል ጆሮዬ ሥር፣ እጫናለሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ "ዶክተር መጣ! ዶክተር መጣ!" የሚል ጩኸት ይነሳል። በዚያ ዕድሜዬ አገሩ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በኔ አውራ ጣት ይመስለኝ ነበር።

በ1992 ዶቅዶቄዋ አርጅታለች ተብላ ለጨረታ ቀረበች። መሥሪያ ቤቱ ሌላ እስኪመጣ ጠብቅ አለው። አልጠበቀም፤ በራሱ ገንዘብ ተጫርቶ ገዛትና ሥራውን በሷው ቀጠለ። እናቴ ያን ጊዜ ቤቱን ቆርቆሮ የምታስቀይርበትን ገንዘብ እንደነካባት ዛሬም ትናገራለች፤ ስትናገር ግን ፊቷ ላይ ቁጣ አላይም። ሰባት ዓመት ነዳት። በ1999 አንድ ቀን ወደ ሳጉሬ ሲሄድ ዳገት ላይ ሞተሩ ደርቆ ቀጥ አለ። በአይሱዙ ተጭና ተመለሰች፣ መጋዘን ገባች፣ አልወጣችም። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ሰለቸው ብዬ አሰብኩ። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ እንደሆነ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያ እጅ ቡሎን መያዝ ሲሳነው ለማንም አልተናገረም፤ ዶቅዶቄዋን ጆንያ አለበሳትና ዝም አለ።

የመጀመሪያውን ቀን ማጠብ ጨረሰው። የሽቦ ብሩሽ፣ ላምባ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ከመጫኛው ላይ የዶሮ ኩስ ፈቀፈቅኩ፣ ከማርሚታው ውስጥ የአይጥ ጎጆ አወጣሁ። ሰንሰለቷን ለማየት ሽፋኑን ስፈታ ግን ደነገጥኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራሱ እንኳ ሳይደርቅ ያበራል። በሁለተኛው ቀን እግሬን ማስነሻዋ ላይ አድርጌ ስጫን ድንጋይ ላይ የቆምኩ ያህል ነው። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይዟል። መዶሻ ሳነሳ አባቴ ከዱካው ተነሳ።

"አትምታት። ካንዴላዋን ፍታ፤ ናፍታና የሞተር ዘይት እኩል አድርግና በዚያ ቀዳዳ አፍስስባት። ከዚያ ተዋት።"

"ስንት ቀን?"

"እሷ ታውቃለች።"

ስምንት ቀን ፈጀ። ጠዋት ጠዋት ማስነሻዋን በእጄ እጫናለሁ፣ እምቢ ትለኛለች፣ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቡና እንጠጣለን። ፈቃዴ እያለቀ ነው፤ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ከዚያ ፈቃድ በደንብ የማስታውሰው እነዚያን ምንም ያልተሠራባቸውን ስምንት ጠዋቶች ነው። አባቴ እኮ ወሬ አያውቅም ነበር። በነዚያ ጠዋቶች ግን ከዶቅዶቄዋ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ክረምት ይሻገረው ስለነበረው ወንዝ፣ ስለ ገበሬዎቹ፣ የትኛዋ ላም መንታ እንደወለደች ሲያወራ ዋለ። በዘጠነኛው ቀን ማስነሻዋ እጄ ላይ አንድ ጣት ያህል ወረደች። ዞሬ አየሁት፤ ከኔ ቀድሞ አውቆታል።

ሞተሩን ስፈታ በቀኝ በኩል ያለው የፍሪሲዮን ሽፋን ጋ ደረስኩ። ቡሎኖቹን አወጣሁ፣ በእንጨት ቀስ እያልኩ መታሁት፣ ለቀቀ። በሽፋኑና በሞተሩ መሃል ያለው ጓርኒሲዮን ግን የፋብሪካ አይደለም። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ዘይት ጠጥቶ እንደ ቆዳ የጠቆረ። በቢላ ጫፍ እያነሳሁ ወደ ብርሃን ሳዞረው ቁጥሮች ታዩኝ። ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ ስድስት። ሰባት ሲባዛ በዘጠኝ ስልሳ ሦስት።

የደብተር ሽፋን ነው። ከጀርባው የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት።

በ1982 አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ጠዋት ቦርሳዬን ስከፍት የሒሳብ ደብተሬ የኋላ ሽፋን በምላጭ የተቆረጠ ያህል ተነቅሏል። አስተማሪው ደብተር አትይዝም ብሎ ክፍሉ ፊት አንበረከከኝ። ማታ ቤት ገብቼ ታናሽ ወንድሜን መታሁት፤ ከሱ ሌላ ማን ሊቀደው ይችላል? አልቀደድኩም እያለ አለቀሰ፤ አላመንኩትም፤ ዓመታት ሙሉ በጨዋታ መሃል ሳነሳበት ኖርኩ።

ወረቀቱን ለአባቴ ሰጠሁት። በሚንቀጠቀጠው እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው።

"ማታ ስመለስ የማርሿ ዘይት ፈሶ አልቋል" አለ። "ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ኢተያ ላም አለችኝ። ሱቅ ዝግ ነው። ቤቱን ሁሉ ፈለግኩ። ካርቶን ሞከርኩ፣ ወፈረ። ያንተ ደብተር ልኩ ሆነ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ተኝተህ ነበር።"

ሌላ ነገር አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ያን ዕለት ማታ ሐዋሳ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩለት። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ይቅርታ ስጠይቀው ስልኩ ውስጥ ዝም አለ፤ ከዚያ "ላሟስ ጸነሰች?" ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚህ ሁሉ ወዲያ መታወቅ ያለበት እሱ ነበር። አባቴን ስጠይቀው ወዲያው መለሰ፤ ጸንሳለች፣ ጥጃዋም ሴት ነበረች።

ደብተሩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘይት ያዘ። እኔ ደግሞ ከሱቅ የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝቼ አባቴ እንዳሳየኝ ቆረጥኩ፤ ወረቀቱን የሽፋኑ ጠርዝ ላይ አንጥፎ በትንሽ መዶሻ ጠርዙን ጠርዙን ቀስ አድርጎ መኮርኮም ነው፤ ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። አሮጌው ዛሬ አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በመስታወት ሥር ነው።

ሲሊንደሩ ሲወጣ ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል። ዘይት ያጣ ሞተር ምልክት ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሥሩ የዘይት ገንዳ የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። ኤጂ ላይ ይህን ዘይት የምትመጥን ትንሽ ፖምፓ አለች። ቱቦዋን ተከትዬ ስሄድ ከመገጣጠሚያው ሥር፣ ከውጭ በማይታይበት፣ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ለአባቴ አሳየሁት።

"እኔ አስጨንቄያት ነው ብዬ ነበር" አለ። "ቸኩዬ ነበር። ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ አወጣኋት።"

"ቱቦው ነው አባባ።"

ቱቦውን ከእጄ ወስዶ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። አሥራ ሁለት ዓመት ጥፋቱን በራሱ ላይ አኑሮ እንደቆየ የገባኝ ያኔ ነው። ዶቅዶቄ አንድ ዕቃ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ኪስ አስታውሳለሁ።

ፈቃዴ አልቆ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቅዳሜና የእሁድ ሥራ ሆነ። ሲሊንደሩን የሚያሰፉበት ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ፋብሪካው የሚያወጣው ትርፍ ፒስተን በሩብ ሚሊ ሜትር እየጨመረ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የኛ ቀድሞ አንድ ጊዜ ሰፍቶ ባለ 0.50 ላይ ነበር፤ አሁን 0.75 ያስፈልገዋል ተባለ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ አራት ቅዳሜ ዞርኩ። ሁሉም ሱቅ "ለዚህች? ቻይና ግዛና ተገላገል" ይለኛል። በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ መሰላል አስቀርበው ከጣሪያ ሥር አቧራ የጠገበ ካርቶን አወረዱ። ፒስተኑ ከነፋሻው በሰም ወረቀት ተጠቅልሏል። "የማን ናት?" አሉኝ። "ያባቴ፤ ላም አዳቃይ ነበር" አልኳቸው። መቶ ብር ቀነሱልኝ።

መግጠሙ ላይ አጠፋሁ። የባለ ሁለት ምት ፒስተን ፋሻ እንደ መኪናው ዝም ብሎ አይዞርም፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮት መስኮት የሚያካክል ቀዳዳ ስላለ የፋሻው ጫፍ እዚያ ገብቶ እንዳይሰበር በፒስተኑ ላይ የተተከለች ትንሽ ችንካር ትይዘዋለች። እኔ የላይኛውን ፋሻ ጫፍ ችንካሯ ላይ ሳላስተካክል ሲሊንደሩን ገፋሁት። ቀጭ የምትል ቀጭን ድምፅ ወጣች። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። አዲስ ፋሻ ፍለጋ ሌላ ሁለት ቅዳሜ ሄደ። በሁለተኛው ሙከራ አጠገቤ ተንበርክኮ ጣቱን ችንካሯ ላይ አድርጎ ያዘልኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቱ ግን ቦታዋን አልሳተችም።

ፑንቲናውን እሱ እንደሚያደርገው አስተካከልን። ቀጭን የሲጋራ ወረቀት በሁለቱ ጥርሶች መሃል ታስገባለህ፣ ጎማውን በእጅህ ቀስ ብለህ ታዞራለህ፤ ወረቀቱ ለቆ የሚመጣባት ቅጽበት ብልጭታው የሚነሳባት ናት። ማርሚታውን ፍም ላይ አድርገን የውስጥ ጥቀርሻውን አቃጠልን፤ ግቢው ቀኑን ሙሉ ሸተተ፣ እናቴ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ተቆጣች። ፖምፓዋን ዳግም አላመናትም፤ ለሃያ ሊትር አንድ ሊትር ዘይት በሚለው ልክ ቤንዚኑ ውስጥ ቀላቀልን።

ስለ ቀለሙ የተለየ ሐሳብ አለኝ። አሮጌ ሞተር የሚያድሱ ሰዎች ከፋብሪካ እንደወጣ አድርገው ሲያበሩት አይቻለሁ፤ ሙያቸውን አከብራለሁ። ግን ቋቷ ላይ በግራ በኩል ያለው ስርጉድ አባቴ ክረምት ወንዝ ሲሻገር ወድቆ፣ ዶቅዶቄዋን ለቅቆ ጋኑን አቅፎ የዳነበት ነው። ኋላ መጫኛዋ ላይ ያለው ጠማማ ብየዳ ለጋኑ ብሎ ያስበየደው ነው። የቀኝ መርገጫዋ ጎማ በጫማው ልክ ተበልቷል። እነዚህን በቀለም ብሸፍናቸው የማንን ዶቅዶቄ ነው ያደስኩት? ዝገቱን ብቻ አነሳሁ፤ የቀረውን ተውኩት።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ እሁድ ከሰዓት፣ በሰባተኛው ርግጫ ተነሳች። ሰማያዊው ጭስ ግቢውን ሞላው። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። እኔ እየጮኽኩ ነበር። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ።

"ትታፈናለች" አለ።

ካንዴላውን ፈትቼ አየሁት፤ እንደ ከሰል ጠቁሮ ረጥቧል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይጠግባል። ካርቡራቶሩን እንዳጸዳሁት መርፌዋን በመመሪያ መጽሐፉ ልክ መሃለኛው ጥርስ ላይ ገጥሜ ነበር። "መጽሐፉን የጻፈው ሰው በቆጂ አልወጣም" አለኝ አባቴ። የመርፌዋን ቀለበት አንድ ጥርስ ወደ ላይ አወጣሁት፤ መርፌዋ ዝቅ አለች፣ ቤንዚኑ ቀነሰ። ስትነሳ ድምፅዋ ጠርቶ ነበር። ያኔ ዓይኑን ገለጠ።

አባቴ ካረፈ አሁን ሁለት ዓመት አልፏል። ያን ቀን ግን ጋቢውን ጥሎ ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ሳያማክረኝ ከኋላዬ፣ ጋኑ ይታሰርበት በነበረው መጫኛ ላይ ወጣ። እናቴ "ኧረ በማርያም" እያለች እስከ በሩ ተከተለችን። "ወዴት ነው?" ስለው "ሂድ" ብቻ አለኝ።

ወደ ሳጉሬ አመራን። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ቢጫ ሆኗል፤ ጭላሎ በግራ ቆሟል። በየቦታው ትከሻዬን ይነካኛል፤ ሲነካኝ ቀስ እላለሁ፣ አንድ ግቢ ያያል፣ ደግሞ ይነካኛል፣ እሄዳለሁ። አንድ ዳገት ስንወጣ እጁ ትከሻዬን ጠበቅ አደረገ፤ የትኛው ዳገት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዶቅዶቄዋ ወጣችው። ከላይ ወደ ግራ በሚታጠፍ የእግር መንገድ አስገባኝ። ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ የቁልቋል አጥር ያለው ግቢ አለ።

"ያን ዕለት ወደዚህ ነበር የምመጣው" አለኝ። "ላሟ ነጭ ግንባር ነበረች። አለፈች።"

ከበሩ ትንሽ ሲቀረን ክንዱ በጎኔ አልፎ ወደ ፊት ተዘረጋ። ጣቱ ጡሩምባውን ፈልጋ አገኘችው። ሁለት ጊዜ ተጫነው። ምንም አልወጣም። ስንት ወር ስሠራ ጡሩምባው ለመሄድ አያስፈልግም ብዬ ሽቦውን እንኳ ሳልነካ ትቼዋለሁ። ልነግረው ዞር አልኩ። እሱ ግን እጁን ሰብስቦ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ እንደተነፋ ሁሉ በሩን እያየ ይጠብቃል። ሞተሩን አላጠፋሁም።